ጾመኛው የግራ ክንፍ

በወረቀት ላይ የአንድ ጫማ ፋብሪካ የግምጃ ቤት ረዳት ነበርኩ። እውነቱን ለመናገር ግን የወንድን ሶል ከሴት ሶል ለይቼ አላውቅም ነበር። ያኔ ኳስ ተጫዋችነት የሚባል ሥራ አልነበረም። ክለቦቹ የፋብሪካና የመሥሪያ ቤት ስለሆኑ፣ ኳስ የሚችል ልጅ ሲገኝ በሠራተኛ ስም ይቀጠራል፤ ጠዋት ፈርሞ ይገባል፣ ከሰዓት በኋላ ወደ ሜዳ ይለቀቃል። እኔንም በጊዜው ከፍተኛ ለሚባለው ወረዳችን ቡድን ስጫወት ያዩኝ አሠልጣኝ ሰፈራችን እሪ በከንቱ ድረስ ወርደው በዚሁ ደንብ ወሰዱኝ። አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። እግሬ ፈጣን ነበር፤ አፌ ደግሞ ከእግሬ ይብሳል።

ቅጥሩ ግን የሙከራ ነበር። ከፋሲካ በፊት አሠልጣኙ “ይጽና” ካሉ ቋሚ ሠራተኛ እሆናለሁ፤ “ይሰናበት” ካሉ ወደ ቀበሌዬ እመለሳለሁ። ወቅቱ ደግሞ ቀበሌ ሥራ የሌለውን ወጣት ለብሔራዊ ውትድርና የሚመዘግብበት ነው። ከሰፈራችን የሄዱ ልጆች ነበሩ፤ ደብዳቤያቸው መጀመሪያ ላይ ይመጣ ነበር፣ ኋላ ላይ ቀረ። አባቴ በልጅነቴ ስለሞተ ቤት ውስጥ ያለነው እኔና እናቴ ብቻ ነን። ስለ ውትድርናው አንድም ቀን አንስታብኝ አታውቅም። የቀበሌ ሰው በደጃችን ባለፈ ቁጥር ግን የያዘችውን ዕቃ አስቀምጣ፣ እስኪያልፍ ድረስ ቆማ ትጠብቃለች።

እናቴ ፒያሳ ውስጥ መንግሥት ከወረሳቸው ኬክ ቤቶች በአንዱ፣ ከባንኮኒው ኋላ ቆማ ኬክ ትሸጥ ነበር። ሁዳዴ ሲገባ ክሬሙን ለሰው እያነሳች፣ ጣቷን በጨርቅ እየጠረገች፣ ሃምሳ አምስቱን ቀን ሳትቀምስ ትወጣዋለች። “አያምርሽም ወይ?” ሲሏት “እኔ ሻጭ ነኝ፣ ምን አገባኝ” ትላለች። እንዲህ ያለች ሴት ቤት ውስጥ ሁዳዴን አለመጾም ለውይይት የሚቀርብ ጉዳይ አይደለም። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃም አይቀመስ፤ ከዘጠኝ በኋላም ሽሮ፣ ምስር፣ ተልባ። እኔም ከሰባት ዓመቴ ጀምሮ ስጾም ኖሬ ስለለመድኩት ከብዶኝ አያውቅም ነበር። በእርግጥ ከዚያ በፊት እየጾምኩ ሙሉ ዘጠና ደቂቃ ሮጬ አላውቅም።

ችግሩ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ጨዋታችን ብዙውን ጊዜ በሥራ ቀን አሥር ሰዓት ላይ ነው። ጾም በሚፈታበት ሰዓት እኔ መልበሻ ክፍል ቁጭ ብዬ የታኬታዬን ክር አስራለሁ። አሠልጣኙ ለተጫዋቾች በየጠዋቱ ሁለት ቅቅል እንቁላልና አንድ ብርጭቆ ወተት ከሠራተኞች ክበብ እንዲሰጠን አድርገው ነበር። የኔን በጠረጴዛው ሥር ለበረኛችን አሳልፋለሁ። በረኛው የመርካቶ ልጅ፣ ሙስሊም፣ ቁመቱ በር የሚያክል፣ ሆዱ ደግሞ የማይሞላ ነው። በሁለት ሳምንት ውስጥ የሱ ፊት ወዛ፣ የኔ ጉንጭ ገባ።

“የናንተ ጾም እኔን ሊገለኝ ነው” ይለኛል አራተኛውን እንቁላል እየላጠ። “ከብጄ መዝለል አቃተኝ።”

በመጀመሪያው ጨዋታ እስከ ስልሳኛው ደቂቃ ድረስ ተከላካያቸውን አሳበድኩት። ከዚያ በኋላ እግሬ የሰው እግር ሆነብኝ። ኳሱ አጠገቤ ያልፋል፣ እኔ በዓይኔ እሸኘዋለሁ። ጊዜው ቤንዚን በኩፖን የሚታደልበት ስለነበር ከተመልካቹ አንዱ “ነዳጅ አለቀበት፣ ኩፖን ስጡት” ብሎ ጮኸ፤ ሜዳው ሁሉ ሳቀ። የአራዳ ልጅ ስለሆንኩ ቀልዱ ጥሩ መሆኑን ማወቄ ይበልጥ አናደደኝ።

ለሁለተኛው ጨዋታ እናቴ መላ አገኘች። በሳህን ሱፍ ፍትፍት ሠርታ፣ በጨርቅ ቋጥራ፣ “ልክ ዘጠኝ ሲል ብላ” ብላ ሰጠችኝ። ዘጠኝ ሲል በላሁ። የእናት እጅ ስለሆነ አንዲት ፍርፋሪ አላስቀረሁም። ጨዋታው በተጀመረ በሃያ ደቂቃ ውስጥ በማዕዘኑ ባንዲራ ሥር ተንበርክኬ ሱፍ ፍትፍቱን እንዳለ መለስኩት። ወዲያው ተቀይሬ ወጣሁ።

አሠልጣኙ ሲቆጡ ድምፃቸው ይቀንሳል። በማግስቱ ጠርተው በቀስታ፣ “ስትጫወት ታምራለህ” አሉኝ። “ግን ስልሳ ደቂቃ የሚጫወት ሰው ቋሚ ይሁን ብዬ መፈረም አልችልም። ከሆሳዕና በፊት ሦስት ጨዋታ አለን። እዚያ ላይ አያለሁ።”

ለምን እንደምደክም አልነገርኳቸውም። ጾመኛ መሆንን በፋብሪካ ውስጥ አፍ አውጥቶ የሚናገር አልነበረም፤ የፋብሪካው ካድሬ ሁሉን ይሰማል። ያን ቀን ወደ ቤት ስመለስ የቀበሌያችንን በር አለፍኩና ከልቤ ፈራሁ።

በነጋታው ጠዋት ክበብ ገባሁና እንቁላሎቼን ራሴ ላጥኩ። በረኛው እጁን በጠረጴዛው ሥር ዘርግቶ ሲጠብቅ ቆይቶ ቀና ብሎ አየኝ። አንዱን እንቁላል ሁለት ጊዜ ጎረስኩት፤ ጣፈጠኝም፣ አነቀኝም። ወተቱን እንደ መድኃኒት ዓይኔን ጨፍኜ ጠጣሁት።

ማታ እናቴ ከሥራ መጥታ ነጠላዋን ሳታወልቅ አጠገቤ ቆማ አሸተተችኝ። ቀኑን ሙሉ ከክሬም ጋር የምትውል ሴት ናት፤ የወተትን ነገር ከሷ መደበቅ አይቻልም።

“ጠጥተሃል” አለች።

“ጠጥቻለሁ።”

ብትጮህብኝ እመርጥ ነበር። ራቴን አቀረበች፣ ሳህኑን አነሳች፣ ተኛች። ሁለት ቀን ከ“ና ብላ” እና ከ“በሩን ዝጋ” በቀር ቃል አልወጣትም። በሦስተኛው ቀን ከሥራ ስመለስ የንስሐ አባታችን ከአልጋችን ጫፍ ተቀምጠው አገኘኋቸው።

አባ የሰፈሩ ሰው ናቸው። ከመቀሰሳቸው በፊት፣ ገና በዲቁናቸው ዘመን፣ የጨርቅ ኳስ ሲራገጡ ከደብር አለቃው ዱላ ቀምሰዋል ይባላል። መስቀላቸውን ተሳልሜ ከፊታቸው ቆምኩ።

“ምን በላህ?”

“እንቁላል፣ አባ። ሁለት። ወተትም።”

“አሞሃል?”

“አላመመኝም። ግን ከስልሳ ደቂቃ በላይ መሮጥ አቃተኝ። ካልሮጥኩ ደግሞ…” አልኩና እናቴን አየሁ።

አባ ጢማቸውን ዳበሱ። “በየትኛው በኩል ነው የምትጫወተው?”

“በግራ ክንፍ።”

“እሱ ቦታ ሩጫው ይበዛል” አሉ በሐዘኔታ።

በዚህ መሐል እናቴ ለአባ ሻይ ቅጠል ገዝቼ እንድመጣ ላከችኝ። ስመለስ ነገሩ አልቆ ነበር። አባ “ጠዋት የሚሰጡህን ብላ” አሉኝ። “በድፍረት ሳይሆን በጭንቅ እንደበላኸው እግዚአብሔር ያውቃል። ቀኖናህ ግን ይኸውልህ፦ ከሰንበት በቀር ጠዋት አርባ አንድ፣ ማታ አርባ አንድ ትሰግዳለህ። ግንባርህ መሬት ካልነካ አልሰገድክም።” እናቴ መሬት መሬት ታያለች። እኔ በርካሽ ተገላገልኩ ብዬ ሳቄን ዋጥኩ።

ስግደትን የሚንቅ ሰው አርባ አንዱን በአንድ ትንፋሽ ሰግዶ ይሞክረው። በጉልበት መውረድ፣ ግንባርን ማስነካት፣ በክንድና በጭን ኃይል ዘሎ መነሳት፣ እንደገና መውረድ። በመጀመሪያው ሳምንት ከፒያሳ ወደ ቤት የሚወርደውን ቁልቁለት እንደ ሽማግሌ ግድግዳ ይዤ ነው የወረድኩት። በሁለተኛው ሳምንት ግን ጭኔ ጠነከረ፤ እስትንፋሴ ረዘመ። ከመጋረጃው ወዲያ እናቴም ትሰግዳለች። ከኔ በፊት ትጀምራለች፣ ከኔ በኋላ ትጨርሳለች። ሁልጊዜም እንደዚያ ስለሆነች አልቆጠርኩላትም።

ከሦስቱ ጨዋታዎች በመጀመሪያው ሰባ አምስት ደቂቃ ሮጥኩ። በሁለተኛው ሙሉውን። ጃንሜዳ ላይ ልምምድ ስንጀምር አሠልጣኙ ወደ ጎን ወሰዱኝ።

“ምን አግኝተህ ነው?”

“ቤት ውስጥ ስፖርት እሠራለሁ፣ ጋሼ።”

“ምን ዓይነት ስፖርት? እስቲ አሳየኝ።”

ምን ላድርግ? ሳሩ ላይ ወረድኩ፣ ግንባሬን አስነካሁ፣ ተነሳሁ። አምስት ጊዜ አሳየኋቸው። እሳቸው ገብቷቸው እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም። ፊታቸው ላይ ምንም አልነበረም። ፊሽካቸውን ነፉና ቡድኑን በሙሉ ደረደሩት። አሥራ ስምንት ጎረምሳ በማሊያ ተሰልፎ፣ በፊሽካ እየወደቀ በፊሽካ እየተነሳ ሰገደ። በረኛው አጠገቤ ነበር። ግንባሩ ሳር ላይ እንዳለ “ወንድሜ” አለኝ በሹክሹክታ፣ “እኔ ይሄን በቀን አምስቴ እሠራዋለሁ። እንቁላሌን በከንቱ ነው የወሰድክብኝ።” የፋብሪካው ካድሬ ከዛፉ ሥር እጁን አጣምሮ ያየን ነበር። ስንጨርስ መጥቶ “ዲሲፕሊን ማለት እንዲህ ነው ጓዶች” ብሎ አመሰገነን። ሳቃችንን ለማፈን ሁላችንም የካልሲያችንን ላስቲክ ስናስተካክል ቆየን።

ሆሳዕና ሦስት ቀን ሲቀረው የመጨረሻውን ጨዋታ አደረግን። ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው፣ የነሱ ተከላካይ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ ሲያለከልክ፣ እኔ በመስመሩ አልፌው ሄድኩና አሻማሁ። አጥቂያችን በግንባሩ ገጭቶ አገባው። “ኩፖን ስጡት” ብሎ የጮኸው ሰውዬ ያን ቀን መጥቶ ከሆነ ብዬ ወደ ተመልካቹ ዞሬ በሁለት እጄ ሰላምታ ሰጠሁ።

በማግስቱ ከቀትር በኋላ አስተዳደር ክፍል ጠሩኝና ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ ሰጡኝ። አሠልጣኙ ፈርመውልኛል። ቋሚ ሠራተኛ ሆኛለሁ። ከፋብሪካው እስከ ፒያሳ አውቶቡስ ሳልጠብቅ በሩጫ ሄድኩ። ኬክ ቤቱ ስደርስ እናቴ ከባንኮኒው ኋላ የለችም።

የማኪያቶ ማሽኑን የሚይዙት አዛውንት በአገጫቸው ወደ ጓዳው ጠቆሙኝ። “አዙሯት ነው፣ አትደንግጥ። ትናንትም እንደዚሁ ነበረች” አሉ። “ዘጠኝ ሰዓት አልፏል፣ ቅመሺ እላታለሁ፤ ‘የኔ ጾም ፀሐይ እስክትገባ ነው’ ትላለች። አንድ ወር ሊሞላት ነው። ‘ሰዉ ሁሉ በሚጾምበት ሰዓት የራሴን ጾሜ፣ የልጄን ከዚያ ወዲያ ነው የምጾምለት’ ብላ ለንስሐ አባቷ ቃል ገብታለች አሉ። አንተ አልሰማህም እንዴ?”

አልሰማሁም። ሻይ ቅጠል ልገዛ ሄጄ ነበር።

ጓዳ ገባሁ። እናቴ በዱቄት ከረጢት ላይ ተቀምጣ ጀርባዋን ከግድግዳው አስደግፋለች። ከንፈሯ ደርቋል። ደብዳቤውን ስሰጣት ከእጄ ላይ ቀስ ብላ ተቀበለችኝ፤ ፊደል በፊደል አነበበችው፤ “ቋሚ” የሚለው ላይ ስትደርስ ጣቷን እዚያው ላይ አቆመች። ከዚያም አጣጥፋ ደረቷ ውስጥ ከተተችው። ትከሻዋ ወረደ። ስንት ወር ሙሉ ወደ ላይ ተሰቅሎ እንደነበረ ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው።

“እማዬ፣ ለምን አልነገርሽኝም?”

“ብነግርህ ትበላ ነበር?”

ከፊቷ ተንበረከክሁና ጭኗ ላይ ደፋ አልኩ፤ እንባዬን መያዝ አቃተኝ፣ ልይዘውም አልፈለግሁም። እናቴን እንደዚያን ሰዓት ወድጃት አላውቅም። ፀጉሬን ትንሽ ዳበሰችልኝና ትከሻዬን በጣቷ ነካ ነካ አደረገችኝ።

“ተነስ አንተ ልጅ” አለች፣ “የመንግሥት ዱቄት ነው፣ ታረጥበዋለህ።”