የሰባት ጫማ ጥላ

የጓሳ ተራራ ሣር ጠባቂዎች ለብዙ ዓመት «ቆፋሪዋ» ይሉኝ ነበር። ደብተራ ልኳት ነው ያሉም ነበሩ። አንዱ ደግሞ የጥንት ሰው የቀበረውን ወርቅ እንደምፈልግ በቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ሳይቀር አውርቷል። አልፈርድባቸውም። መምህር የሆነች ሴት በዕረፍቷ ከመርሐቤቴ ዓለም ከተማ ተነሥታ፣ ያን ሁሉ ገደል ወርዳና ወጥታ መጥታ፣ በዚያ ብርድ በዶማ አፈር ስትምስ ያየ ሰው ሌላ ምን ይበል? እኔ ግን የምፈልገው አንድ ጉርድ ፎቶግራፍ ነበር።

ነገሩ የተጀመረው በጨዋታ ነው። መንግሥት በተለወጠ በስድስተኛው ዓመት ገደማ፣ መሐል ሜዳ አሥራ አንደኛ ክፍል ስንማር፣ አንድ ወጣት የጂኦግራፊ መምህር ከቆላ አገር ተመድበው መጡልን። ብርዱ አልስማማ ብሏቸው ክፍል ውስጥ እንኳ ጋቢያቸውን አያወልቁም ነበር። ከአንድ ያረጀ የፈረንጅ መጽሔት ያነበቡትን ጨዋታ ያስተማሩን እሳቸው ናቸው። አንድ ሰው ጣሳ ወይም ሣጥን ሜዳ ላይ ይደብቃል። ውስጡ ትንሽ ደብተርና በእጅ የተቀረጸ ማኅተም ያስቀምጣል። ከዚያ ቦታውን የሚጠቁም ፍንጭ በወረቀት ጽፎ ለሌላው ይሰጣል። ያገኘ ሰው የራሱን ማኅተም በሣጥኑ ደብተር ላይ፣ የሣጥኑን ማኅተም ደግሞ በራሱ ደብተር ላይ መትቶ እንደነበረ ይመልሰዋል።

«ሀብቱስ?» ብለን ጠየቅን።

«ሀብት የለውም። ማግኘቱ ነው ሀብቱ» አሉን። ተሳሳቅን።

ርእሰ መምህሩ ነገሩን ሲሰሙ አልሳቁም። «ማኅተም የመንግሥት ነው! ነገ ተነገ ወዲያ መሸኛ ጽፋችሁ ትመቱበታላችሁ» ብለው ከለከሉን። በኋላ ማኅተሞቻችን የበግ ራስና የገብስ ዛላ መሆናቸውን ባይናቸው አይተው ፈቀዱ። የምንቀርጸው ከአሮጌ ጫማ ሶል በምላጭ ነበር። አባቴ የመሥሪያ ቤት ጸሐፊ ስለነበረ ቀለሙ ከእኔ አይጠፋም። የክበቡ ሕግ አንድ ብቻ ነበር፤ ፍንጭ የጻፈ ሰው አይጠየቅም። የጠየቀ ተሸነፈ።

ማን ምን እንደሚደብቅ ሳይሆን ማን እንዴት እንደሚጽፍ ነበር የሚያስገርመኝ። ስም ባይጻፍበትም ከሁለት መስመር በኋላ ባለቤቱ ይታወቃል። የቄስ ትምህርት ቤት ያለፈው ልጅ በግጥም ካልሆነ አይጽፍም። ቤት እንዲመታለት ሲል ወንዙን ከቦታው የሚያነሣ ጉደኛ ነበር፣ እሱን ፍለጋ የወጣ ሁሉ ጫማው በስብሶ ይመለሳል። ከፊት የምትቀመጠው ልጅ ደግሞ ከፍንጩ በፊት ግማሽ ገጽ ሰላምታ ታስቀድማለች። እኔ በእንቆቅልሽ ነበር የምጽፈው። ተራራውን «ጥርሷን ያወለቀች አሮጊት»፣ ፀሐይን «ምድጃ የሌላት እሳት አንዳጅ» እል ነበር። የእኔን ሣጥን ያገኘ እምብዛም ስላልነበረ በጣም እኮራ ነበር። አሁን ሳስበው፣ የምጽፈው ሰው እንዲያገኘው ሳይሆን እኔን እንዲያደንቅ ነበር።

ከመካከላችን አንዱ ልጅ ግን ነገሩን እንዳለ ነበር የሚጽፈው። «ከድልድዩ ውረጂ። ሦስተኛው ድንጋይ ላይ ቁሚ። እጅሽን ከሥሩ ስደጂ።» በቃ። «የቀበሌ ማስታወቂያ» ብለን አሾፍንበት። ይስቅና «ሰው እንዲያገኘው አይደል እንዴ የምደብቀው?» ይላል። ከጓሳ ጥግ ካለች መንደር የመጣ፣ አባቱ ቄስ የነበሩና የሞቱበት፣ ከናቱ ጋር ብቻውን የቀረ ዲያቆን ነበር። ከተማ ውስጥ ክፍል ተከራይቶ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ቤቱ ሄዶ የሳምንቱን ስንቅ ተሸክሞ ይመጣል። ማኅተሙ ላይ የቀረጸው አንድ የእግር ጫማ ነበር። «ምነው እግር?» ስለው «በሱ ነው የምማረው» አለኝ። እውነቱን ነው፤ ሳምንት በሳምንት ያን ሁሉ መንገድ የሚመላለሰው በእግሩ ነበር።

እወደው ነበር። ያኔ ለማንም አልተናገርኩትም፣ ለራሴም ቢሆን።

አሥራ ሁለተኛ ክፍል ለፈተና ስንመዘገብ ጉርድ ፎቶ ታዘዝን። ፎቶ አንሺው ለወንዶቹ ሁሉ አንዲት ኮቱን ከነከረባቱ ያውሳል። ረጅሙም አጭሩም እሷኑ እየለበሰ ይቀመጣል። ከሱ አራት ፎቶ ሦስቱ ከቅጹ ጋር ሄደ። አንዱን ምን እንዳደረገው የነገረኝ በጾሙ እኩሌታ፣ ለደብረ ዘይት በዓል ቤቱ ደርሶ የተመለሰ ለት ነው። ለሴት ልጅ ፎቶ በእጅ መስጠት ያኔ ወሬ ነው፤ ወሬውም የሚተርፈው ለሷ ነው። ስለዚህ ሣጥን ውስጥ ቀብሮት መጣ። የታጠፈች ወረቀት ሰጠኝ፦

«ከጓሳ ጥግ፣ ከቤታችን በላይ፣ ብቻውን የቆመ ትልቅ ቋጥኝ አለ። ጥላሽ በጫማሽ ሰባት ሲሆን የቋጥኙ ጥላ ጫፍ የሚያርፍበት ቆፍሪ። ግማሽ ክንድ ብቻ ነው። ጠፍጣፋ ድንጋይ ከላዩ አለ። ከጠፋብሽ ጥላ የምትለካዋን ጠይቂ።»

ፈተና ነበረብን፤ ሳልሄድ ቀረሁ። ፈተናው ሲያልቅ የድንበሩ ጦርነት ወሬ አገሩን ሞልቶት ነበር። ውጤት እንኳ ሳይጠብቅ ተመዘገበ። የሚሄዱት ልጆች በጭነት መኪና ሲሳፈሩ ከተማው ሁሉ ወጥቶ ይሸኛል። እናቶች ያለቅሳሉ፣ ሽማግሌዎች ይመርቃሉ። እሱ ከመኪናው ላይ ጎንበስ አለና «አገኘሽው?» አለኝ።

«ገና።»

«ልንገርሽ እንዴ? መመለሴንም እንጃ፣ ቦታውን ልንገርሽ።»

«እንዳትነግረኝ!» አልኩና ሁለት ጆሮዬን በእጄ ደፈንኩ። «ራሴ አገኘዋለሁ!»

ሳቀ። ከዚያ አንድ ነገር ተናገረ። ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አይቻለሁ፤ እጄን ግን ከጆሮዬ ሳነሣ መኪናው ተንቀሳቅሶ ነበር።

መርዶው በዓመቱ መጣ። ለቅሶው ላይ እናቱ ልብሱን አቅፈው «ፊቱን! ፊቱን!» እያሉ ይጮኹ ነበር። ሌላው ሟች ፎቶው በእናቱ እጅ ከፍ ብሎ ሲለቀስለት፣ የሱ የትም የለም። ትምህርት ቤት ተጠየቀ፣ ቅጹ አዲስ አበባ ሄዷል ተባለ። ፎቶ አንሺውም አገር ለቋል። እኔ ልቤ አልችል ብሎ ሄጄ እግራቸው ሥር ተንበረከክሁና «እማማ፣ አንድ ፎቶ አለ። የት እንዳለ አውቃለሁ። አመጣልዎታለሁ» አልኳቸው። ለቅሷቸውን አቆሙ። ፊቴን በሁለት እጃቸው ይዘው «እውነትሽን ነው? ፊቱ አለ?» አሉኝ።

«አለ» አልኩ።

ከዚያ በኋላ የሆነው ያሳፍረኛል። በክረምቱ ሄድኩ። ጉም ነበር፤ ጥላ ቀርቶ ቋጥኙም አይታይም። መምህርነት ተምሬ መርሐቤቴ ስመደብ፣ የምመጣው ወይ በክረምት ወይ በጥር ዕረፍት ሆነ። ጥር ላይ ፀሐይ አለ። ጥላዬን በጫማዬ ሰፍሬ፣ ሰባት ሲሞላ ሮጬ የቋጥኙን ጥላ ጫፍ እቆፍራለሁ። ጠዋት ሞከርኩ፣ ከሰዓት ሞከርኩ። ቋጥኙ ከቤት ጣራ ይበልጣል፣ መሬቱም ተዳፋት ነው፤ ጥላው በየወሩ ሌላ ስፍራ ነው የሚወድቀው። ይህን ለተማሪዎቼ በሰሌዳ ላይ ሥዬ አስተምራለሁ፤ እሱ የትኛውን ወር ማለቱ እንደሆነ ግን አላወቅሁም። «የቀን ስም እንኳ ሳይጽፍ!» እያልኩ በሙት እበሳጭ ነበር።

የመጨረሻዋን መስመር ደግሞ በራሴ ቋንቋ ተረጎምኳት። ጥላ የምትለካዋ ማን ናት? ፀሐይ ናት አልኩ። የእኔ ፍንጭ ቢሆን ኖሮ ፀሐይ ትሆን ነበር። ስለዚህ ፀሐይን ነበር የምጠይቀው። በየዓመቱ አንጋጥጬ ዓይኔ እስኪያነባ አያታለሁ።

ወረቀቷን ለናቱ አላነበብኩላቸውም። ፊደል አያውቁም፣ ምን ይረዱኛል ብዬ ነበር። አንድም አፍሬ ነው፤ ልጃቸው ለእኔ የጻፈውን ምን ብዬ ላንብብላቸው? ባየሁዋቸው ቁጥር «ልጄ፣ ነገሩ እንዴት ሆነ?» ይሉኛል። «ዘንድሮ አላጣውም» እላቸዋለሁ። ስድስት ዓመት እንዲህ አልኩ። በመጨረሻዎቹ ዓመታት በቤታቸው ላለማለፍ ዞሬ በሌላው መንገድ እሄድ ነበር።

በሰባተኛው ዓመት ዝውውር አግኝቼ መሐል ሜዳ ተመለስኩ። ዐቢይ ጾም ነበር። እናቱ እንዳመማቸው ሰምቼ፣ ሰው ምን ይለኛል ብዬ ሄድኩ። ከሰዓት በኋላ ነው። ከአጥሩ ስደርስ ደጅ ቆመው ነበር፣ ፀሐይን በጀርባቸው አድርገው። የጥላቸው ራስ የደረሰበትን አስተዋሉና፣ ከቆሙበት ጀምረው አንዱን እግር ካንዱ ጫፍ እያስከተሉ፣ በሹክሹክታ እየቆጠሩ ሄዱ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ሰባት ሲሉ ከጥላው ጫፍ ደረሱ። አማተቡና «ደርሷል፣ እህል ይቀመሳል» አሉ።

አጥሩ ሥር ቁጭ አልኩ።

እኛ ቤት ጾም የሚፈታው በሬዲዮ ሰዓት ነበር። የጸሐፊ ልጅ ነኝ። እነሱ ቤት ግን ሰዓቱን የሚያውቁት እናቱ ናቸው፤ እሱም ከሕፃንነቱ ጀምሮ ሲሰፍሩ እያየ ነው ያደገው። ለሱ ሰባት ጫማ ማለት የጾም ሰዓት እንጂ ሌላ ትርጉም የለውም። ወሩን ያልጻፈው ማንም የሚያውቀው ስለመሰለው ነው። ጥላ የምትለካዋም ጥላ የምትለካዋ ናት። በዕድሜው አንድም ቀን በእንቆቅልሽ ጽፎ አያውቅም፤ እኔ ነኝ በግድ እንቆቅልሽ ያደረግሁት።

ወረቀቷን ከቦርሳዬ አውጥቼ እዚያው አነበብኩላቸው። ስጨርስ አላለቀሱም። «ነገ እንሄዳለን» ብቻ አሉ።

በማግሥቱ ዘንጋቸውን ይዘው፣ እየቆሙ እያረፉ ቋጥኙ ድረስ ወጡ። ከሣር ጠባቂዎቹ አንዱ ሊናገር ቀረብ አለና እሳቸውን ሲያይ ቆቡን አውልቆ ራቀ። ጥላቸውን ለኩ። ሰባት ሲሞላ በዘንጋቸው የቋጥኙን ጥላ ጫፍ አሳዩኝ። የመጀመሪያው ጉድጓድ ባዶ ነበር። ሁለተኛው ላይ፣ አንድ እርምጃ ከፍ ብሎ፣ ዶማው ጠፍጣፋ ድንጋይ መታ። እኔ በየጥር ወሩ ስምስ ከኖርኩበት ቦታ ዐሥር እርምጃ ያህል ቢርቅ ነው።

የወተት ዱቄት ጣሳ ነበር። የተጠቀለለበት ፌስታል ተበጣጥሷል፣ ጣሳው ዝጎ ከሥሩ ተበስቷል። ስከፍተው ቡናማ ውኃ ፈሰሰ። ደብተሩ አንድ ላይ ተጣብቆ ሊጥ ሆኗል። ማኅተሙ ብቻ፣ ያቺ የእግር ጫማ፣ እንደተቀረጸች አለች። ፎቶውን በጣቴ ጫፍ አወጣሁት። ነጭ ነበር። ፊቱ የነበረበት ቦታ ታጥቦ ሄዷል፤ የቀረው ከታች በኩል የኮት ኮሌታና የከረባት ቋጠሮ ነው።

እናቱ በመዳፋቸው ላይ አድርገው ወደ ብርሃኑ አዞሩት። ገለበጡት፣ መልሰው ገለበጡት።

«ይኼ ኮሌታ የሱ አይደለም» አሉ።

«የፎቶ አንሺው ነው፣ እማማ።»

በመጀመሪያው ዓመት አንብቤላቸው ቢሆን ፊቱ ይኖር ነበር። ይህን እኔ አውቄያለሁ፣ እሳቸውም አውቀዋል። ቢጮኹብኝ፣ ቢረግሙኝ በወደድኩ። እሳቸው ግን ፎቶውን ነጠላቸው ጫፍ ላይ ቋጠሩና «ያቺን ወረቀት ድገሚልኝ» አሉኝ።

ደገምኩላቸው። «ግማሽ ክንድ ብቻ ነው» ከሚለው ስደርስ ሣቅ አሉ። «እሱ ነው። እንዲህ ነው የሚያወራው። ውኃ ቅዳ ስትዪው እንኳ ስንት ጣሳ ብሎ ነው የሚጠይቅሽ።» ዓይናቸውን ጨፍነው ነበር የሚሰሙኝ። ሰባት ዓመት የልጃቸውን ድምፅ በቦርሳዬ ይዤ በደጃቸው እንዳለፍሁ የገባኝ ያኔ ነው። እኔ ፎቶ ስፈልግ እሱ በእጄ ነበር።

የመጨረሻዋን መስመር ሳነብ ዓይናቸውን ገለጡ።

«ጠይቂ ብሎሽ ነበር?»

«ብሎኝ ነበር።»

«ታዲያ ምነው ልጄ ሳትጠይቂኝ ኖርሽ?»

ከዚያ ወዲህ በየጾሙ እሄዳለሁ፤ ጥላቸውን ከለኩ በኋላ ወረቀቷን አነብላቸዋለሁ። አሁንማ ከማንበቤ በፊት በቃላቸው ይሉታል፣ በሱ አነጋገር፣ በሱ ቅላጼ። ከቋጥኙ ይጀምራሉ፣ ጥላውን ይላሉ፣ ግማሽ ክንዱን ይላሉ፣ ጠፍጣፋውን ድንጋይ ይላሉ። የመጨረሻዋን መስመር ግን አንድም ቀን ብለዋት አያውቁም። እዚያ ሲደርሱ ቀና ብለው ያዩኛል። የምላት እኔ ነኝ።