አየር የጋትኳት መኪና

አጎቴ ሚኒባሷን ሊሸጣት እንደሆነ የነገረኝ ፊቴን ሳሙና ተቀብቼ እየታጠብኩ ሳለ ነው።

"ገዥ ተገኝቷል" አለኝ።

"ለየቷ መኪና ጋሼ?" አልኩት፣ ሳሙናው አይኔን እያቃጠለኝ። ሌላ መኪና ያለው ይመስል።

ሚኒባሷ የሱ ናት፣ በወረቀት። ከቁይ ደብረ ማርቆስ የምነዳት፣ ስትታመም ሆዷ ስር ተንጋልዬ የምውል፣ ከሰው ጋር የምጣላላት እኔ ነኝ። እሱ ማታ ገቢውን ይቀበላል፣ ጎማዋን በእግሩ መታ መታ ያደርጋል፣ ይገባል። ባለቤትነት ማለት ይሄው ነው።

የሚሸጥበት ምክንያት አንድ ዳገት ነው። ከቁይ ወጣ እንዳልን ያለ ዳገት። እዚያ ስር ስንደርስ ሰው ይወርዳል፣ መኪናዋ ባዶዋን እያሳላት ትወጣለች፣ ተሳፋሪው በእግሩ ይከተላታል፣ ጫፍ ላይ እንደገና ይገባል። ሙሉ ሂሳብ ከፍሎ! ማንም አይቆጣም። "ውረዱ" ማለት እንኳ ከተውኩ ቆይቻለሁ፤ ራሳቸው በሩን ከፍተው ይወርዳሉ፣ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ደርሶ ጫማ እንደሚያወልቅ ሰው።

ገዥውም ይህን ሰምቶ እያመነታ ነበር። አጎቴ ግን እኔን ለማሳረፍ፣ "ሰው እንደያዘች ዳገቱን ከወጣች፣ ማርቆስን አልሸጣትም!" ብሎ ማለልኝ። የማለው እንደማትወጣ ስለሚያውቅ ነው።

ከሸጣት እኔ ምን እሆናለሁ? ትምህርቴን ዘጠነኛ ላይ ትቼዋለሁ። ያለኝ አንድ መንጃ ፈቃድና አንድ ምላስ ነው። በምላሴ እስካሁን የቀጠረኝ የለም።

እንግዲህ ስለ ሞተር ትንሽ ላስተምር። ሞተር ነዳጅ ብቻ አይበላም፣ አየርም ይበላል። የኛ ደጋ አየር ደግሞ ስስ ነው። እንግዳ ሲመጣ "እንዴት ያለ ንጹህ አየር!" እያለ ደረቱን ይነፋል፤ ሞተር በንጽህና አይጠግብም። አየር ሲያንሰው ነዳጁ በቅጡ ሳይቃጠል ጥቁር ጭስ ሆኖ ይወጣል። ተሰልፈን፣ ተጋፍተን፣ ተሰዳድበን ያገኘናትን ናፍጣ ከኋላችን የሚመጣውን ሰው ፊት እንቀባባታለን ማለት ነው።

ደህና ደህና መኪኖች ቱርቦ አላቸው። ቱርቦ በራሱ በመኪናው ጭስ ግፊት እየተሽከረከረ አየር ወደ ሞተሩ ይገፋል። ግን ጭሱ እስኪበረታ ይለግማል። በኤሌክትሪክ የሚሠራው ግን ጭስ አይጠብቅም። ማብሪያውን ስትጫነው ያኔውኑ አየር ይግታል፣ የታመመ በሬ አፉን ፈልቅቀው መድኃኒት እንደሚግቱት።

ይህን በስልኬ አይቼ መጀመሪያ የገዛሁት አንዲት የላስቲክ ማራገቢያ ነበረች። ሻጩ "ነዳጅ ትቆጥባለች፣ ጉልበት ትጨምራለች" አለኝ፤ ትዳር ታቃናለች ማለት ብቻ ነው የቀረው። ገጠምኳት። ሻይ አታበርድም! ጭራሽ የአየሩን መግቢያ ዘግታ መኪናዋን አባሰችብኝ። ነቅዬ ወረወርኳት።

ሁለተኛው ግን የእውነት ነበር። ከተጋጨ የውጭ መኪና ላይ የተፈታ የኤሌክትሪክ ቱርቦ፣ ክንድ የሚያዝል ብረት። የኛ ባትሪ ስለማይችለው ከኤሌክትሪክ ባጃጅ የወጡ ባትሪዎች ከኋላ ወንበር ስር ደረደርኩለት። ማብሪያውን ከመሪው አጠገብ አደረግኩት፤ ዳገት ላይ ይበራል፣ ሜዳ ላይ ይጠፋል፣ አለዚያ ባትሪው ያልቃል። ባዶዋን ስሞክራት ጭሷ ጠፋ፣ ሽምጥ ጋለበች።

በመሐላው መሠረት ልትፈተን በተቀጠረችበት ቀን አጎቴ ከገዥው ጋር ዳገቱ ጫፍ ላይ ቆመ። እኔ ከቁይ ሰው ሞልቼ ተነሳሁ። ዳገቱ ስር ደረስኩ፣ ማርሽ ቀነስኩ፣ ማብሪያውን ልጫን ስል በሩ ተከፈተ። ሁሉም እየወረዱ ነው!

"ወዴት ነው?" ብዬ ጮህኩ።

"ዳገቱ ነዋ" አሉኝ አንድ ሽማግሌ ቄስ፣ ጋቢያቸውን እየሰበሰቡ።

"ዛሬ መውረድ የለም መምሬ፣ ይግቡ።"

"ተው ልጄ፣ እሷም ነፍስ አላት።"

"ምን ነፍስ አላት! ብረት ናት!"

"ብረት ከሆነች ምን እንዲህ ያንጨረጭርሃል?" አለችኝ ዶሮ በቅርጫት የያዘች ሴትዮ። ሳቁብኝ።

እንዲያምኑኝ ማብሪያውን ተጫንኩት። ማሽኑ እንደ አውሮፕላን አፏጨ። ዶሮዎቹ ተንጫጩ። መምሬ ወደ ኋላ አፈገፈጉና አማተቡ።

"ምንድን ነው ያስገባህባት?"

"አየር ነው መምሬ!"

"አየር እንዲህ አይጮህም። እኔ ይሄን ሁሉ ዘመን ስተነፍስ ማን ሰማኝ?"

"እርስዎማ ሲቀድሱ ሉማሜ ድረስ ይሰማል!"

እሳቸውም ሳቁ፣ ግን አልገቡም። ተናደድኩ። "መኪና ነው የተሳፈራችሁት ወይስ ቀብር ነው የምትሸኙት? ካልገባችሁ ዛሬ ትሸጣለች! ከተሸጠች ነገ ዳገቱን ብቻ ሳይሆን መንገዱን ሁሉ በእግራችሁ ነው!"

"እንዲህ ብለህ አትነግረንም ታዲያ?" አለች ሴትዮዋ፣ ቀድማ እየገባች። "ዶሮዎቼ ከሞቱ ግን ገበያ የማወጣው አንተን ነው።"

ወጣን። ሁልጊዜ የሚያስላት ቦታ ላይ ስንደርስ ሁሉም ትንፋሹን ዋጠ። መምሬ ጸሎት ጀምረው ነበር፤ መሀል ላይ አቋርጠው በመስኮት እያዩ፣ "ይቺን ዛፍ እኮ ተቀምጬ አይቻት አላውቅም" አሉ። በመስታወቱ ወደ ኋላ አየሁ፤ ጭስ የለም። ጫፍ ስንደርስ መኪናው ውስጥ እልልታ ቀለጠ።

ዘልዬ ወረድኩ። "አዩ ጋሼ?"

አጎቴ እኔን አላየም፤ ገዥውን ነው የሚያየው። ገዥው መኪናዋን ዞሯት፣ የሚያመነታው ፊቱ ጠፍቷል። "ማሽኑም አብሮ ነው የሚሸጠው?"

"አብሮ ነው እንጂ!" አለ አጎቴ።

"ማርቆስን ብለው ምለው ነበር እኮ!"

"ያኔ መኪናዋ እንዲህ መች ነበረች?" አለኝ፣ አይኑን ሳያሽ። እንዳትሸጥ ብዬ የገጠምኩት ነገር ዋጋ ጨመረላት።

ገዥው ባትሪዎቹን ጎንበስ ብሎ አያቸውና ራሱን አከከ። "ይሄን ነገር የሚያውቀው ልጁ ነው። ያለሱ አልወስዳትም።"

"ውሰደዋ! ምላሱ ትንሽ ያስቸግራል እንጂ እጁ ወርቅ ነው" አለ አጎቴ። በሬ ሲሸጥ ይዋጋል ግን ያርሳል እንደሚሉት። እኔን የጠየቀኝ የለም። ተጨባበጡ።

"ወይ ንዳ ወይ እንውረድ!" አለች ሴትዮዋ ከውስጥ።

ገባሁ። ገዥው ከጎኔ ተቀመጠ፣ ወንበሩን እንደሚስማማው አስተካከለ። ሜዳው ላይ እንደወጣን፣

"ማሽኑን አጥፋው፣ ባትሪ ይጨርሳል" አለኝ።

"ቀድሜ አጥፍቼዋለሁ።"

"ከዛሬ ጀምሮ ሳልነግርህ አታጥፋ" አለኝ።