የእህቴ ማሳ አዋሳኞች

መሬት ተለክቶ ለባለመሬቱ የይዞታ ደብተር ሊሰጥ ነው ሲባል የታናሽ እህቴ ነገር አሳሰበኝ። ከወረታ ወደ ሐይቁ በሚወርደው ሜዳ ላይ ከአባታችን የደረሳት ማሳ አላት። ባል የላትም። በወጣትነቷ ሌላ ሰው የማይሰማው ድምፅ እየሰማች ብዙ ታማለች። ጠበሉም መድኃኒቱም ረድቷት ድምፁ ተዋት፤ ሐሳቧ ግን እንደ ድሮው አልፈጥን አለ። ጨውና ላምባ ግዢ ብዬ ገበያ ብልካት ጨዉን ብቻ ይዛ ትመለሳለች። አንድ ነገር ብቻ ካዘዝኳት ግን ተሳስታ አታውቅም። ሩዝ ስናርምም ሩዝ የሚመስለውን አረም ከእኔ ቀድማ የምትለየው እሷ ናት።

የቀበሌው ኮሚቴ ዋርካ ሥር ተቀምጦ ይመዘግባል። ሊቀመንበሩ ጎረቤታችን ነው።

«በምሥራቅ፣ በምዕራብ፣ በሰሜን፣ በደቡብ የሚያዋስኑሽ እነማን ናቸው?» አላት ባንድ ትንፋሽ።

ዝም አለች። እኔ ቸኩዬ አራቱንም ዘረዘርኩለት።

«አየሽ እትየ፣ የምታውቂው አንቺ ነሽ። በወንድማችሁ ስም ይጻፍና እሱ ያብላት።»

ታላቅ ወንድማችን አጠገባችን ቆሞ መሬት መሬት ያያል። ደሜ ፈልቶ ወደ ሊቀመንበሩ ዞርኩ።

«ዝም ያለ ሁሉ አያውቅም ያለህ ማነው? አንተስ ጾም የሚገባበትን ቀን ከሚስትህ አይደል የምትሰማው? መሬትህን በእሷ ስም እናድርገው?»

ሰው ሳቀ። እሱም ሳቀ፤ ብዕሩን ግን አላነሳም።

«ታዲያ ምን ላድርግ?»

«ማሳው ላይ ጠይቃት። አንድ ባንድ።»

ለመለካት መሄዱ አይቀርምና ተነሣ። ማሳው ስንደርስ እህቴ ማንም ሳያዛት የመለኪያውን ገመድ ጫፍ ይዛ ድንበሩ ላይ ቆመች።

«በዚህ በኩል የማነው?»

ቆየች። ሊደግምላት አፉን ሲከፍት እጄን አነሳሁበት።

«የቄሱ ነው» አለች።

ሁለተኛውንም ሦስተኛውንም እንዲሁ ቆይታ መለሰች። በረግረጉ በኩል ስትደርስ «የባልቴቷ ነው» አለች። እኔ ዋርካው ሥር የተናገርኩት የሌላ ሰው ስም ነበር።

«አይ እቴ፣ የአንጥረኛው ነው» አልኳት።

«እሱማ ከባልቴቷ ጋር ማሳ ተለዋውጧል። ዘንድሮ ከጎኔ ሆና ስታርም የከረመችው እሷ ናት።»

ባልቴቷ ድንበሯን ልታስለካ መጥታ እዚያው ቆማለች። «እውነቷን ነው!» አለች።

ሊቀመንበሩ ወደ እኔ ዞረ። «እትየ፣ ያንቺን መሬት በማን ስም እናድርገው?»

የሳቀብኝ ሳቀብኝ።

«በፈለግኸው ስም አድርገው፤ መጀመሪያ ግን የእሷን ጻፍ» አልኩት።

ጻፈ። ጎረቤት እንዲሰማ ስሟን ጮክ ብሎ ሲያነብ እህቴ «አቤት!» አለች።