ከጅብ ጋር ያሳደርኳት ግመል

የእንጨት ሥራ ማንም አላስተማረኝም። እንስሳትን በየወገናቸው መለየትም እንደዚሁ። አራተኛ ክፍል ሳልጨርስ የወጣሁ ሰው ነኝ፤ ሆኖም በሰማንያዎቹ መጨረሻ በቦሌ በኩል የልጆች መጫወቻ በመሥራት የሚስተካከለኝ አልነበረም። ይህን ስል አላፍርም።

ኩራቴ አንዲት ሣጥን ነበረች። ላባ ላለው፣ ፀጉር ላለው፣ ቅርፊት ላለው የተለያየ ክፍል አላት። ልጁ ከዋንዛ የቀረጽኳቸውን እንስሳት እየዳሰሰ በየቤታቸው ያስገባል።

ሃያ ሁለት አካባቢ፣ ከሱቄ ፊት ለፊት ሌላ አናጺ ነበር። ሣጥኔን ገልብጦ ሠራና ከመድኃኔዓለም ጀርባ ላለ መዋዕለ ሕፃናት «የራሴ ፈጠራ ነው» ብሎ አስረከበ። ሄጄ ስጠይቀው በሠራተኞቹ ፊት፣

«ጋሼ፣ ላሟንም የፈጠሯት እርስዎ ነዎት እንዴ?» አለኝ።

ሁሉም ሳቁ። ያን ሳቅ ይዤ ተመለስኩ።

ሌላ ሣጥን ሠራሁ፤ የሚበላና የማይበላ የሚለይበት። በግና ዶሮ ወዲህ፣ ጅብና አህያ ወዲያ። ግመሏን ከጅቡ አጠገብ አደረግኳት። እኔም ያ አናጺም ያደግነው በክርስቲያን ቤት ነው፤ በእኛ ማዕድ የግመል ሥጋ አይቀርብም። የዚያ መዋዕለ ሕፃናት ልጆች ግን አብዛኞቹ ከወሎ የመጡ ሙስሊም ነጋዴዎች ልጆች ናቸው፤ ለእነሱ ግመል ሐላል ነው። ሰውዬው የሰው ሥራ ሲገለብጥ እንደማያስብ አውቄያለሁ። ሣጥኗን ለማንም አልሸጥኩም፤ መስኮቴ ላይ ብቻ አስቀመጥኳት።

ብዙም ሳይቆይ አምሳያዋን ለትምህርት ቤቱ አስረከበ፤ አሁንም «የራሴ ፈጠራ» ብሎ። የትምህርት ቤቱ ባለቤት እንደ እኛው ክርስቲያን ነበረችና ምንም አልታያትም። አንዲት ሕፃን ግን ቤቷ ገብታ፣ «አባዬ፣ ግመል አይበላም አሉ፤ ቤቱ ከጅብ ጋር ነው» አለች። በማግስቱ አባቶቹ ግቢውን ሞሉት።

ባለቤቲቱ እየሮጠች ሱቄ መጣች። «ጋሼ፣ ልጆቹን ሊያስወጡብኝ ነው! የላባና የፀጉሩ ሣጥን መነሻው የእርስዎ እንደሆነ ሰምቻለሁ፤ እንደዚያ ያሉ አዳዲስ ሣጥኖች ይሥሩልኝ።»

«እሠራለሁ። ግን ተሸክሞ የሚያስረክበው እሱ ነው። የማን ሥራ እንደሆነም በወላጆቹ ፊት ይናገራል።»

«እምቢ ቢልስ?»

«ጣውላ የሚሸጡለት እነዚያው አባቶች አይደሉም እንዴ? አይልም።»

አላለም። ሣጥኖቹን በትከሻው ተሸክሞ ወደ ትምህርት ቤቱ ግቢ ገባ፤ እኔ ከወላጆቹ ጎን ወንበር ላይ ተቀምጬ ጠበቅኩት።

«የጋሼ ሥራ ነው» አለ ወደ መሬት እያየ።

«አልሰማንም! ጮክ በል!» አሉ አባቶቹ።

ደገመው። የሕፃኗ አባት ተነሣ። «ግመሏን ከጅብ ጋር ያደረግክባት ሣጥንስ? እሷስ የማን ናት?»

አናጺው ቀና ብሎ አየኝ። ገባው። ከእኔ መስኮት አይቶ እንደገለበጣት ቢናገር ሁለት ጊዜ ሌባ ሊሆን ነው።

«እሷ... የራሴ ናት» አለ።

ያኔ ሳቅኩ። እስኪበቃኝ ሳቅኩ።