የግራ እግሬ ፔዳል

ድርብ ፔዳል ሁለቱም እግሮች አንዱን ትልቅ ድራም በየተራ እንዲመቱ የሚያደርግ ብረት ነው። ቀኙ ድራሙ ሥር ይቀመጣል፤ ግራው ራቅ ብሎ በዘንግ ይያያዛል። የእኔ ቀኙ እንደ ልቤ ይታዘዛል። ግራው ግን ያን ጾም ሙሉ እየከበደ አበሳዬን አሳየኝ።

ያልነካሁት ነገር የለም። ሞላውን አጠበቅሁ፣ መልሼ አላላሁ። ድራሙን የሚመታውን መዶሻ ከፍ ዝቅ አደረግሁ። ጫማ ቀየርሁ፤ በካልሲም ሞከርሁ። አንድ ቀን ጠዋት ይሻለውና ተመስገን ስል፣ በሳልስቱ ብሶበት አገኘዋለሁ። ጭራሽ ባይሻለው ኖሮ እንዲያ አልናደድም ነበር።

የባንዳችን ኪቦርድ ተጫዋች ትዕግሥት የሚባል አልፈጠረበትም። ለዳግማይ ትንሣኤው ሰርግ ግራ እግሬ ካልተስተካከለ ምቱን ከኪቦርዱ እንደሚያወጣው ነገረኝ። ዓሥራ አንድ ዓመት የተቀመጥሁበትን ቦታ አንድ ቁልፍ ተጭኖ ሊወስደው ነው። ቁስቋም ሰፈር ከአባቴ ጋር ሁለታችን ብቻ ነው የምንኖረው፤ ራት ላይ ይህንኑ እየጮኽሁ አወራሁለት። ጡረታ የወጣ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ነው። እንጀራውን እየቆረሰ ሰማኝ።

ፋሲካ ባለፈ በሁለተኛው ቀን ተስፋ ቆርጬ አዘዞ ወረድሁ፤ የልብስ ስፌት መኪና የሚጠግኑ አንድ ሽማግሌ ዘንድ። ድራም ነክተው አያውቁም። የዘንጉን መጋጠሚያ በጥፍራቸው ፋቅ አድርገው አሸተቱትና ከመነጽራቸው በላይ አዩኝ።

«የኑግ ዘይት ነው» አሉ። «ለጊዜው ያላላል፣ ሲደርቅ ሙጫ ነው። ልብስ ሰፊዎቹም በጾም እንዲሁ ያደርጉኛል። ምነው፣ ማኪናውም ይጾማል?»

«አያ፣ እኔ ዘይት አላደረግሁበትም» አልኋቸው።

«እንግዲያ ቤትህን ጠይቅ።»

ላምባ ውስጥ ዘፍዝፈው አጠቡልኝና የማሽን ዘይት ጠብ አደረጉበት። ፔዳሉ በጣት ሲነካ የሚሄድ ሆነ። ሁለት ወር ገደማ ለተቃጠልሁበት ነገር ሩብ ሰዓት አልፈጀም። ሚኒባሱ ውስጥ ቁጣዬን እያሟሟቅሁ ቤት ደረስሁ።

አባቴን ጠየቅሁት። አልካደም። በፔዳሉ ስበሳጭ በሰማ ቁጥር፣ እኔ ስወጣ ከወጥ ቤት ዘይቱን አምጥቶ ያጠጣው ነበር። ለምን አልነገርከኝም ብዬ ጮኽሁበት።

«ቦታህን እንዳይወስዱብህ ፈርቼ ነው» አለኝ።

ሃያ ዓመት ሙሉ ድራሜን «ያ ጫጫታህ» ሲል የኖረ ሰው ነው። ንዴቴ ግን አልበረደም። ፔዳሉን ሁለተኛ እንዳትነካው ብቻ ብዬው ገባሁ።

እሑድ ሰርጉ ላይ ግራ እግሬ ከቀኙ እኩል ሄደ፤ ኪቦርዱም ምት አላወጣም። ያልተጠራበት ሰርግ ደርሶ የማያውቀው አባቴ፣ ዳሱ ጥግ ቆሞ ዓይኑን ከእግሬ ሳይነቅል ዋለ።