ልዕልት የመረጠችው ሙያ

ልዕልት አምሐ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ስትመደብ ምን እንደምታጠና የጠየቃት ሰው አልነበረም። ሁሉም ያውቀዋል። አባቷ አምሐ በሆስፒታል የላቦራቶሪ ባለሙያ ነው፤ እናቷ አበቡ የባዮሎጂ መምህርት ናት። ልጅቱ ከታች ክፍል ጀምሮ ጎበዝ ስለነበረች "ዶክተሯ" የሚለው ስም በሕፃንነቷ ነው የተለጠፈባት። እሷም ብትሆን ሌላ ነገር አስባ አታውቅም።

የመጀመሪያው ዓመት ሳይጋመስ የእናቷ ታላቅ ወንድም አያ ቢያዝን ዛሪማ ላይ ከእርሻ ሲመለሱ ወደቁ። ስትሮክ ነበር። ሕይወታቸው ቢተርፍም ቀኝ ጎናቸው አልታዘዝ አለ። ከሆስፒታል ሲወጡ ጎንደር እነልዕልት ቤት አረፉ፤ ወደ ፊዚዮቴራፒ ክፍል የማመላለሱ ሥራም ለልዕልት ደረሰ። ባጃጅ ላይ ደግፋ ታወጣቸዋለች፣ ደግፋ ታወርዳቸዋለች። አያ ቢያዝን በመንገድ ፊታቸውን ወደ ውጭ ያዞራሉ። በሬ ጠምደው ሲያርሱ የኖሩ ሰው በእህታቸው ልጅ ትከሻ ላይ መንጠልጠላቸው አንገብግቧቸዋል።

ክፍሉ ውስጥ የተቀበለቻቸው ማስተዋል የምትባል ባለሙያ ናት፤ ድምጿ ዝግ ያለ፣ እጇ የበረታ ሴት። ልዕልት መጀመሪያ ጥግ ይዛ ስልኳን ትነካካ ነበር። ማስተዋል የአጎቷን ጉልበት ደግፋ ክብደታቸውን ወደ ደከመው እግር ስታዛውር እያየች ግን ስልኩን ረሳችው። ለምን እንዲህ እንደምታደርግ መጠየቅ ጀመረች። አንድ ጠዋት አያ ቢያዝን ያለ ደጋፊ ከወንበሩ ብድግ ሲሉ ሁለቱም ሴቶች እኩል ጮኹ። አዛውንቱ ራሳቸው "ሸጋ ነው! ሸጋ ነው!" እያሉ እንደ ልጅ ሳቁ።

የትምህርት ክፍል የሚመረጥበት ጊዜ ሲቃረብ ልዕልት ለማስተዋል ነገረቻት። "እኔም ይህንኑ ሙያ ላጠና ነው።"

ማስተዋል ደስ ያላት አልመሰለችም። "አጎትሽ ስለቆሙ ከሆነ ተዪው" አለቻት። "የማይቆሙም አሉ፤ እነሱንም እዪ። ሥራ ፍለጋም ልትንከራተቺ ትችያለሽ። ተማሪዎቻችን ምን ምን እንደሚማሩ ጠይቂ፤ የሕክምና ተማሪዎችንም አነጋግሪ። ከዚያ በኋላም ልብሽ እዚህ ከሆነ፣ ያን ጊዜ ነይ።"

ልዕልት እንደተባለችው አደረገች። የሕክምና ተማሪዎችን ካፌ ቁጭ ብላ ጠየቀች፤ የአናቶሚ መጽሐፍ ተውሳ አገላበጠች። በመኪና አደጋ ወገቡ ተጎድቶ ወራት ሙሉ ሲመላለስ ምንም ለውጥ ያላየ ወጣትም አየች። የዚያን ቀን ቤት ገብታ አለቀሰች። በማግስቱ ግን እግሯ ወደዚያው ወሰዳት፤ ልቧ መቁረጡን ያወቀችው ያኔ ነው።

እራት ላይ ነገረቻቸው። እናቷ የጠቀለለችውን ጉርሻ መልሳ አኖረች። "ዩኒቨርሲቲ ገብተሽ ወጌሻ ልትሆኚ? ነጥብሽ ሕክምና እያስገባሽ?"

"ምነው አበቡ፣ እኔን ያስነሳኝ ሙያ ምን ሆነና?" አሉ አያ ቢያዝን።

"አያ፣ እባክህ ተወኝ! የልጄ ጉዳይ ነው።"

አምሐ ውሃውን ጎንጨት አለ። ከዚያ "እኔ የምፈራው ለእኛ ብላ ሕክምና ገብታ ዕድሜዋን ሙሉ እንዳይከፋት ነው" አለ። "ልጅቱ ጠይቃ፣ አይታ፣ ለይታ መጥታለች። እኔ በሷ ዕድሜ ምን ትፈልጋለህ ያለኝ ማን ነበር?"

እናቷ ተነስታ ማዕዱን ማንሳት ጀመረች። ለቀናት ከልዕልት ጋር የምታወራው ስለ ምግብ ብቻ ሆነ። ምርጫው በሚሞላበት ጠዋት ግን በር ላይ ቆማ "በይ፣ ኔትወርኩ ሳይጨናነቅ ቶሎ ሙዪ" አለቻት። ልዕልት ይህን እንደ ምርቃት ተቀብላ ወጣች።

ዛሬ ልዕልት ደባርቅ ትሠራለች። እንደተነገራትም ከምረቃ በኋላ ሥራ እስክታገኝ ብዙ ደጅ ጠንታለች፤ ቢሆንም ያልተነገራት ነገር ስላልነበር ተስፋ አልቆረጠችም። ማስተዋልን የምታመሰግናት ከሁሉ በላይ ለዚህ ነው፤ ሙያውን ስታሳያት ክፉውን አልደበቀችባትም። አባቷንም ያቺን የእራት ሰዓት ባሰበች ቁጥር ትመርቀዋለች። የአያ ቢያዝን ቀኝ እጅ እርፍ መጨበጥ አልቻለም፤ እርሻውን ልጃቸው ይዞታል። እሳቸው ግን በምርኩዛቸው የዛሪማን ገበያ ይዞራሉ።

እናቷ ደግሞ የጎረቤት ሰው ወገቡን ባመመው ቁጥር ትደውላለች። "ልዕልት፣ እትዬ ወለተሩፋኤል አጠገቤ ናቸው። የስልኩን ድምፅ ከፍ አድርጌዋለሁ፤ እንዴት እንደሚተኙ እስቲ ንገሪያቸው።"