የንባብ ፈተና ይዤ እስከ ዳሪሙ

ከጎሬ የተነሣሁት ማክሰኞ ማለዳ፣ ጤዛው ሳይረግፍ ነው። ጎሬ ላይ አዲስ ትምህርት ቤት ሊከፈት ነው፤ መምህሩም እኔ ነኝ። ሹሙ አስጠርተው፣ «ፊደል የሚያስቆጥር ሌላ ሰው አለ። አንተ ማንበብ የሚችሉትን ብቻ ለቅመህ አምጣልኝ፤ ወንዙ ሳይሞላም ተመለስ» አሉኝ። ሁለት በቅሎ፣ አንድ ደብተር፣ የራሴን የጸሎት መጽሐፍና አንዲት ስንደዶ ይዤ ወጣሁ።

ስንደዶዋ ዋና መሣሪያዬ ናት። በየደብሩ የሚማሩ ልጆች መጽሐፉን በቃላቸው ይይዙትና ዓይናቸው ሰማይ እያየ ያነበንባሉ። እኔ ግን ገጹን ከመሐል ገልጬ፣ ቃሉን በስንደዶ እየነካሁ፣ ወደ ፊትም ወደ ኋላም እየዘለልኩ አስነብባለሁ። በቃሉ የያዘ እዚያ ላይ ቀጥ ይላል። እኔን የሚያታልል ተማሪ ገና አልተወለደም ብዬ እፎክር ነበር፤ አንባቢዬ ይህን ፉከራ ያዝልኝ።

መቱ

ባለበቅሎው ኦቦ ገመዳ ሽበታቸው የወጣ፣ አፋቸው የማያርፍ ሰው ናቸው። ጭቃው በቅሎዎቹን እስከ ጉልበት እየዋጠ፣ ጉሬዛው ከላያችን እየጮኸ፣ ከቀትር በኋላ መቱ ገባን። ያደርንበት ቤት ሰዎች ለበቅሎዎቹ ሣር አንድ አሞሌ ጨው ጠየቁን። ጎሬ በዚህ ዋጋ ሁለት ሌሊት ይበላሉ ብዬ ብጨቃጨቅ ማን ሰምቶኝ! ራታችን ቅቅል ጎደሬ በቅቤ ነበር፤ እሱስ ምንም አይወጣለት።

በማግስቱ በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውስጥ ዘጠኝ ተማሪዎች ፈተንኩ። አራቱ አለፉ፣ አምስቱ ወደቁ። ከወደቁት አንዱ መጽሐፉን ስሰጠው አንገቱን ወደ ትከሻው ደፋ አድርጎ ዝም አለ።

«አንገትህን ምን ነካህ? ገጹ እኮ ፊትህ ነው!» ብለው ጓደኞቹ ሳቁ። ልጁ አፍሮ አቀረቀረ። በደብተሬ «አይችልም» ብዬ ጻፍኩና ተነሣሁ።

ዳሪሙ

ወደ ዳሪሙ የሚወስደው የእግር መንገድ ነው፤ ሁለት ቀን ፈጀብን። ወንዙን የተሻገርነው በወደቀ ዛፍ ላይ ሲሆን በቅሎዎቹን ኦቦ ገመዳ በዋና አሻገሯቸው። ውሃው ገና ደረት ድረስ ነበር።

የዳሪሙ መምህር የኔታ ገብረ ማርያም ይባላሉ። ስድስት ተማሪዎችና አንድ መጽሐፍ ብቻ አሏቸው። አምስቱ ፈተናዬን አለፉ። «ይህ ደግሞ ከሁሉም ይበልጣል» ብለው ያቀረቡልኝ ደበላ የሚባል የጭሰኛ ልጅ ነው። እናቱ እትዬ ጫልቱ አጥሩ ሥር ቆመዋል። ሦስት ዓመት ሙሉ በየሳምንቱ ለየኔታ ማርና እንጨት ተሸክመው የመጡት ልጃቸው እንዲያነብላቸው ነው። ልጁ ዛሬ ካላለፈ ነገ ከአባቱ ጋር እርሻ ይገባል፤ ባለመሬቱ ከዚህ በላይ አልታገሥም ብሏል።

የየኔታን መጽሐፍ ሰጠሁት። አየው፤ ላብ አጠመቀው። ቀስ ብሎ በእጁ ሊያዞረው ሲል ጣቱን ቸብ አደረግሁት። «አታገላብጥ! የነካሁልህን አንብብ!» ስንደዶዬን አንድ ቃል ላይ አሳረፍኩ፤ ዝም። ሌላ ነካሁ፤ ዝም። እኔ ደግሞ ቶሎ የምነድ ሰው ነኝ። «ሦስት ዓመት ምን ስትሠራ ኖርክ?» ብዬ ጮህኩበት። እናቱ አማርኛ ባይሰሙም ጩኸቱ ገብቷቸው ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያዙ።

ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩና ደብተሬን ጉልበቴ ላይ ዘርግቼ ውጤቱን ጻፍኩ። ልጁ ፊት ለፊቴ እንደቆመ ነው። ቀለሙ ሳይደርቅ ድምፁን ሰማሁት፤

«ደበላ። ፊደል አይለይም። ዕድሜውን በከንቱ ፈጅቷል።»

ቀና አልኩ። «ማን ነገረህ?»

«ማንም። እርስዎ ጽፈውታል» አለ፤ ዓይኑ እንባ አቅርሯል።

ወይ ጉድ! ደብተሩ ለእኔ ቀና ብሎ ለእሱ ተዘቅዝቋል። የኔታ ግንባራቸውን መቱ። «ወይኔ! የመጨረሻ የመጣው እሱ ነው። ቀዳሚዎቹ አጠገቤ ሲቀመጡ እሱ ሁልጊዜ ከማዶዬ ሆኖ ገጹን ተዘቅዝቆ ነበር የሚያየው። መጽሐፉን በእጁ ይዞ አያውቅም እኮ!»

ልጁ ማዞር የፈለገው ለዚህ ኖሯል፤ ጣቱን የመታሁት እኔ ነኝ። አይቶት የማያውቀውን የራሴን መጽሐፍ ዘቅዝቄ ሰጠሁት። ስንደዶዬን ከላይ ወደ ታች፣ ከመሐል ወደ ዳር አዘለልኳት። እየተከተለ አነበበው፤ አንድ ቃል አልሳተም።

እትዬ ጫልቱ «ምን ተባለ?» በሚል ዓይን ኦቦ ገመዳን አዩ። እሳቸውም «ዱቢሴ! አነበበ!» ብለው በሁለቱም ቋንቋ ጮኹ። እትዬ ጫልቱ እዚያው መሬት ላይ ቁጭ አሉ። እኔ አፈርኩ። በሰው ሁሉ ፊት ተነሥቼ ልጁን ይቅርታ ጠየቅሁት።

የመልስ ጉዞ

በማግስቱ ደበላ ካለፉት ጓደኞቹ ጋር አብሮን ተነሣ። በየማረፊያው መጽሐፉን ትንሽ ትንሽ እያዞርን ቀና አድርጎ ማንበብ አለማመድሁት። እኔን ግን የከነከነኝ ያ አንገቱን የደፋው የመቱ ልጅ ነው።

«መቱ ላይ የወደቁትን እንደገና እፈትናለሁ» ስል ኦቦ ገመዳ ወደ ሰማይ አመለከቱ። «መምህር፣ ዝናቡን አያዩም? ደግሞስ ያ የሣር ዋጋ!»

«ይዝነብ። አሞሌውንም እከፍላለሁ» አልኳቸው።

የተሻገርንበትን ዛፍ ጎርፍ ወስዶት፣ ወንዙም አንገት ደርሶ ነበር፤ መጽሐፉን ራሴ ላይ አስሬ ተሻገርኩ። መቱ ስንደርስ የወደቁትን አምስቱን ሰብስቤ፣ «ሁልጊዜ የምትቀመጡበት ቦታ ተቀመጡ» አልኳቸው። ያ ልጅ ከደብሩ የኔታ በስተግራ ተቀመጠና ገጹን ከጎን ሆኖ ወለል አድርጎ አነበበው። ሌሎች ሁለትም አለፉ። የቀሩት ሁለቱ ግን እንዴትም ቢቀመጡ በቃል የያዙ ነበሩና እነሱን አልወሰድኳቸውም።

ጎሬ

ሹሙ ደብተሬን ገልጠው፣ «ይህ ሁሉ ስርዝ ምንድን ነው?» አሉኝ። የሆነውን ሳልደብቅ ነገርኳቸው። ከት ብለው ሳቁና ስሞቹን ተቀበሉ። የትምህርት ቤቱ የመጀመሪያ ደንብም ያኔውኑ ወጣ፤ ተማሪ ሁሉ በየሳምንቱ ቦታ ይቀያየራል።

ቤቴ እንደገባሁ መጽሐፉን ጠረጴዛ ላይ ዘቅዝቄ አኖርኩና ስንደዶዬን ለደበላ ሰጠሁት። «በል፣ አሁን እኔን ፈትነኝ» አልኩት። ከመሐል ገልጦ አንድ ቃል ነካልኝ፤ እንደ ምንም አወጣሁት። ሁለተኛው ላይ ቀጥ አልኩ።

ደበላ አልሳቀብኝም። ስንደዶዋን ከቃሉ ላይ ሳያነሣ፣ «ቀስ ይበሉ መምህር፤ ይለመዳል» አለኝ።